እናቴን ከሜክሲኮ ያስቀሩልኛል ያልኳቸው ሽማግሌዎች

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት የገዛ እናቴን መርዶ አረዳኋት። ያውም ማንም ሳይሞት!

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ዴንቨር መሃል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ሃያ አራት ዓመት ሀውስኪፒንግ ሠርታ ሪታየር አደረገች። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ሜክሲካውያን ስለነበሩ አልጋ እያነጠፈች ስፓኒሽ ለምዳለች። ከነሱ ውስጥ ሉፔ የምትባለው የልብ ጓደኛዋ ጡረታ ወጥታ አገሯ ስትገባ «ነይና ትንሽ እረፊ» አለቻት። እማዬ ለሁለት ሳምንት ብላ ሄደች... ይኸው ሦስት ዓመቷ። ከሉፔ ቤት አጠገብ ቤት ተከራይታ፣ ሎሚ ተክላ፣ ቁጭ!

እኔ እዚህ ዴንቨር ጥግ አውሮራ መሳቂያ ሆኛለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ «እናትሽን ሜክሲኮ ጣልሻት?» ይሉኛል። የሰው እናት ወይ እዚህ የልጅ ልጅ ትይዛለች፣ ወይ አዲስ አበባ ትገባለች። ሜክሲኮ ምን ይባላል? «ልትመለስ ነው» እያልኩ ስንቱን ሸወድኩት።

ለልጄ ምረቃ መጣች። መመለሻዋ ሰኞ ነው። እኔ ደግሞ ቤዝመንቱን ቀለም አስቀብቼ፣ አዲስ አልጋ አስገብቼ ነው የጠበቅኋት። «እማዬ፣ በቃ እዚሁ ቅሪ» ብዬ ብለምናት ብለምናት መልሷ «እስቲ እናያለን» ብቻ። ስለዚህ ሽማግሌ ላክሁባት። ሽማግሌ እምቢ አይባልም አይደል?

የዴንቨር ሽማግሌ ደግሞ ሥራ አለበት። አንዱ የሌሊት ሺፍት ጨርሰው ሊተኙ ነው፣ አንዱ ኤርፖርት ታክሲ ሊነዱ ነው፣ ዋናው ጋሽ መኩሪያ ረፋዱ ላይ ቀብር አለባቸው። ለሦስቱም የሚመቸው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ብቻ ሆነ። እኔ ሞኟም እሺ አልኩ።

እኛ ሰዎች ሞትን በስልክ እንደማንናገር እንዴት ረሳሁት? ማልደን፣ ሰብሰብ ብለን፣ በር አንኳኩተን አይደል እንዴ የምናረዳው?

በሩን የከፈተችው እማዬ ናት። ሦስት ሽማግሌ በጠዋት፣ ጋሽ መኩሪያ ለቀብር በለበሱት ጥቁር ሱፍ... አየቻቸው። ዞር ብላ እኔን አየች። እኔ ደግሞ ጥፋቴን ስለማውቅ አንገቴን ደፋሁ። አለቀ!

«ሉፔ! ሉፔ ናት! ወይኔ እህቴ!» ብላ ደረቷን እየደቃች ወለሉ ላይ ዘጭ አለች።

«ኧረ በእመብርሃን! እትዬ ዘነቡ፣ ማንም አልሞተም!» ጋሽ መኩሪያ ኮፍያቸው ወደቀ።

«አትደብቁኝ! ስኳር እኮ አለባት!»

«እኛ ሉፔ የምትባል ሰው አናውቅም!»

ማን ሰምቷቸው! ስልኳን አውጥታ በቪዲዮ ደወለች። ሉፔ አነሳች... በጎማ የእማዬን ሎሚ ውሃ እያጠጣች። እማዬ አንዴ እያለቀሰች አንዴ እየሳቀች ስፓኒሹን ለቀቀችው። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ከፍተው ቆሙ።

እኔ እናቴን የማውቃት በእንግሊዝኛ አንገቷን ደፍታ ነው። ሐኪም ጋ የምተረጉምላት እኔ፣ ፎርም የምሞላላት እኔ። አለቆቿ ፊት «ዬስ፣ ኦኬ» ብቻ ነበረች። በስፓኒሽ ግን ታዛለች፣ ትቆጣለች፣ ትቀልዳለች፤ ሉፔ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ጎማውን ጣለችው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ኩራት ወረረኝ።

ደግሞ ከፋኝ። አዲስ አበባ ሁለት ወንድሞች አሏት እኮ... ማን ሞተ ብላ ስትደነግጥ ቀድማ የጠራችው ሉፔን?

ስትረጋጋ ሻይ ቀዳንላቸው። ጋሽ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። «እትዬ ዘነቡ፣ ከልጅ፣ ከልጅ ልጅ ተለይተው በሰው አገር...»

«ጋሽ መኩሪያ፣ ይሄስ የማን አገር ሆኖ ነው?»

ጋሽ መኩሪያ ሻያቸውን ፉት አሉ።

«ሃያ አራት ዓመት የሰው አልጋ አነጠፍኩ» አለች እማዬ። «አሁን የራሴን አነጥፋለሁ፣ ሲያሰኘኝም ሳላነጥፈው እውላለሁ። እዚህ ቤት ልጆቼ ሥራ ሲሄዱ ጋራዡ ሲዘጋ እሰማለሁ፣ ማታ ሲከፈት እሰማለሁ፣ ቀኔ እሱ ነው። እዚያ ግን ጠዋት በሬን ካልከፈትኩ ጎረቤቱ ሁሉ ምን ሆነች ብሎ ይመጣል። አምና ጉልበቴን ታምሜ ስተኛ አስራ አምስት ቀን ሾርባ ይዛ የተመላለሰችው ሉፔ ናት።»

እኔ ደነገጥኩ። «እማዬ! ታምሜ ነበር አላልሽኝም እኮ! ለምን?»

«መጥተሽ እንዳትወስጂኝ ነዋ!»

የሌሊት ሺፍት የሠሩት ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸው። ጋሽ መኩሪያ ግን ሻያቸውን ጨርሰው ተነሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። ሰው ሲደነግጥ የሚጠራው ቅርቡን ነው። የመጣንበት ጉዳይ በር ላይ አልቋል፤ እኛ የምንጨምረው የለም» ብለው እናቴን መረቁና ወጡ።

የዴንቨር ነገር፣ ግንቦት ገብቶም ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ነበር። ጋሽ መኩሪያ የመኪናቸውን መስታወት እየፋቁ ድምጻቸውን ከፍ አድርገው «እትዬ ዘነቡ፣ እዚያ በረዶ የሚባል ነገር የለም አይደል?» አሏት። በሩ ላይ ቆማ ሎሚዋ ዓመቱን ሙሉ እንደሚያፈራ ነገረቻቸው። እሳቸው ትንሽ አሰብ አደረጉና ወደ ቀብሩ ሄዱ።

ሰኞ ኤርፖርት ሸኘኋት። ሻንጣዋ ውስጥ ሉፔ ያዘዘቻት ሁለት ኪሎ በርበሬ አለ። አቅፌያት አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች፤ ግን እርምጃዋን ብታዩት... ሆቴል ስትሠራ እንዲያ ስትራመድ አይቻት አላውቅም።

ትናንት ቤተ ክርስቲያን ደጅ አንዷ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «እናትሽን እንደገና ሜክሲኮ ጣልሻት?»

«እኔ? እሷ ናት እንጂ እኛን በረዶ ላይ ጥላን የሄደችው!» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።