እትዬ አውራ ጣት

እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚጠራ የለም፤ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ አውራ ጣት» ነው የሚላት። ነርስ ናት። የጤና ጣቢያው ጣሪያ በመድፍ ከተመታ ወዲህ ሕፃናቱን የምትመረምረው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ሚዛኑ ከበሩ ጉበን ተንጠልጥሏል፤ የክትባቱ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ተጽፏል። ሕፃን በመጣ ቁጥር መጀመሪያ እግሩን ይዛ በአውራ ጣቷ ጫን፣ ለቀቅ ታደርጋለች። የሰፈሩ ልጆች ከመልመዳቸው የተነሣ መንገድ ላይ ሲያገኟት እግራቸውን ያነሡላታል።

አንድ ጠዋት ባሏ የዘመተባት ወጣት እናት ልጇን አዝላ እየሳቀች ገባች።

«እትዬ፣ ወፈረልኝ! ጉንጩን እዪልኝ እስቲ!»

እትዬ እግሩን ጫን አድርጋ ለቀቀች። የጣቷ ጉድጓድ እንዳለ ቀረ።

«ውፍረት አይደለም ልጄ፤ እብጠት ነው። ምግብ ያጣ ሰውነት ውሃ ይቋጥራል።»

የእናትየው ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ። «ሊሞትብኝ ነው?»

«በእግዜር ፈቃድ አይሞትም። ግን ከዚህ ንቅንቅ የለም።»

በቀጣዩ ክፍል ዴስክ አገጣጥማ ፍራሽ ዘረጋችላቸው። የሕክምናውን ወተት በኩባያ ጥቂት ጥቂት ታጠጣዋለች። መድፉ ሲያጓራ ፍራሹን ከመስኮቱ ታርቃለች፤ ከንፈሯ ለጸሎት ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣትም።

አንድ ቀን እናትየው ከሚዛኑ ሥር ጮኸች።

«እትዬ፣ ድረሺልኝ! ያን ሁሉ ወተት ጠጥቶ ጭራሽ ከሳብኝ!»

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር ዱላውን ጥሎ ሮጦ መጣ። እትዬ ቁጥሩን አየች፤ እግሩን ያዘች። ጫን፣ ለቀቅ። ቆዳው ወዲያው ሞላ። ሌላውንም እግር ሞከረች። ከዚያ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ሳቀች።

«የቀነሰው ልጅሽ አይደለም፣ ውሃው ነው! አሁን ሚዛኑ ላይ ያለው ልጅሽ ብቻ ነው።»

«እና… ደስ ይበለኝ?»

«ምን ትጠብቂያለሽ!»

«ጉድ እኮ ነው፣» አለ ዘበኛው ዱላውን እያነሣ፣ «ሰው ሲከሳ እልል የሚባለው እናንተ ቤት ብቻ ነው። እኔማ ከከሳሁ ስንት ጊዜዬ፣ ማን እልል አለልኝ?»

ልጁ ኩባያውን አይቶ እጁን ዘረጋ። ሲዘገይበት በቁጣ ያለቅስ ጀመር። በመጣበት ሰሞን ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበረውም። እናቱ ልታባብለው ስትል እትዬ ክንዷን ያዘቻት።

«ትንሽ ተዪው። ተመስገን! እስቲ እንስማው።»