የአሳምነው ደብዳቤና የዓለምወርቅ ቁርባን

አሳምነው ማይክራፎን ሲይዝ ሚስቱ ዓለምወርቅ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ሃያ ሰባት ዓመት አብራው ኖራለች፤ የሚለውን ሁሉ አፉን ሳይከፍት ታውቀዋለች። በዚያ እሑድም፣ ሮተርዳም ባለው ደብራቸው አዳራሽ፣ ከቅዳሴ በኋላ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ነውና ተነሥቶ ዴን ሃግ ላለው የሆላንድ ፓርላማ የሚላክ ደብዳቤ አነበበ። «እኛ ምእመናን» ይላል ደብዳቤው፣ «በማዘጋጃ ቤት የሚጻፈውን ጋብቻ ብለን አንጠራውም። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት የሚፈራረምበት መዝገብ የጋብቻ መዝገብ አይደለም።» ይህን የፈቀደው ሕግ ከወጣ ሃያ አራት ዓመት ሆኖታል። ሆላንዶቹ ከነክርክሩ ረስተውታል፤ አሳምነው ግን የዛሬ ጠዋት ወሬ ይመስል ደም ሥሩ ተገታትሮ ነበር። ሰዉ አጨበጨበለት።

ያጨበጨበው ሰው ያላወቀው ነገር ቢኖር ተናጋሪው በወረቀት ላጤ መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሳምነውና ዓለምወርቅ ደብረ ማርቆስ ሳሉ በሰማንያ ነበር የተጋቡት፤ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ውል ተፈርሞ፣ በግ ታርዶ። ቁርባን የለ፣ ተክሊል የለ። የሰማንያው ወረቀት ካርቱም ላይ ከነሻንጣው ጠፋ። እዚህ ሲደርሱ ማስረጃ ስላልነበራቸው የኸሜንቴው፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤቱ፣ ጸሐፊ ሁለቱንም «ያላገቡ» ብላ መዘገበቻቸው፤ ከፈለጋችሁ እኛው ጋ ትጋባላችሁ ብላም ነገረቻቸው። ወሩ ሕጉ ሥራ ላይ የዋለበት ወር ነበር። አሳምነው፣ «ሁለት ወንድ በፈረመበት መዝገብ ስሜን አላሰፍርም!» ብሎ ወጣ። በዚያው ቀረ። ዓለምወርቅ ያኔም ይህ ሃይማኖት አልመሰላትም። ስንፍና ነው አለች፤ ዛሬም ቃሏን አልለወጠችም።

እንግዲህ ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ስኪፖል አየር ማረፊያ የአውሮፕላን ምግብ ሲጭን ውሎ የሚገባው አሳምነው፣ አገሩ ሳለ ለቁርባን ቀርቶ ለጠበል የማይነሣው አሳምነው፣ እዚህ የጋብቻ ሊቅ ሆነ። እሷ በሚኖሩበት በአምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት የሚባል ሰፈር ውስጥ የሽማግሌዎችን ገላ እያጠበች፣ መድኃኒት እያዋጠች ስትኖር፣ እሱ ማን ባል ማን ሚስት እንደሆነ ለሕዝብ ይበይናል።

ከዚያ ልቧ ታመመ። ሐኪሙ ደረትሽ ተከፍቶ የልብሽ በር ይጠገናል ብሎ ለኅዳር ቀጠራት። ዓለምወርቅ ሞት ብዙም አላስፈራትም፤ ሳትቆርብ መሞት ግን አስፈራት። ስለዚህ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ ቀሲስ ይሁኔ ሄደች። ሽማግሌው ካህን አዳመጧትና፣ «ባልና ሚስት ተነጣጥለው አይቆርቡም፤ ሁለታችሁ አንድ ላይ በቁርባን ትጋባላችሁ» አሏት። «ግን የአገሩ ሕግ ማዘጋጃ ቤት ያልመዘገበውን እንዳጋባ አይፈቅድልኝም። የጋብቻ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ።»

ማታ ራት ላይ ለአሳምነው ነገረችው። ሹካውን አስቀመጠ።

«ደብዳቤውን ካነበብኩ ወር አልሞላኝም እኮ! ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል?»

«እኔ ብሞትስ ምን ይልሃል?»

ያን ቀን ለጥየቃ የመጣችው ልጃቸው ሉሊት ስልኳን እየነካካች፣ «አባዬ፣ አንተ እኮ በወረቀት ኦንኸሁውድ ነህ፣ ያላገባ። መዝገቡ ላይ የፈረሙት ሁለቱ ሰውዬዎች ካንተ ይሻላሉ፣ ቶህ፣ አይደል?» አለችው። አሳምነው የልጁን አንተታ ከለመደ ቆይቷል፤ ይቺ ግን ወጋችው። ሦስት ቀን አኩርፎ በአራተኛው እሺ አለ፤ ግን በምስጢር። ለማዘጋጃ ቤቱ ሁለት ምስክር ያስፈልጋል።

«ደብራችንን የማይረግጥ ሰው ፈልጊ» አላት። «አበሻ አይሁን። ወሬ የማያበዛ፣ የተከበረ ሰው ይሁን።»

ዓለምወርቅ እንዳላት አደረገች። ከእነሱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ሮቢና ዊም የሚባሉ ሁለት ሽማግሌዎች ይኖራሉ፤ አንዱ ጡረታ የወጣ የትራም ሾፌር፣ አንዱ መምህር የነበረ። አሳምነው «ወንድማማቾቹ» ነው የሚላቸው። ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይላቸዋል፤ ሉሊት ትንሽ ሳለች፣ «ፈረንጅም እንኳ ወንድሙን እንዲህ ይደግፋል፤ ተማሪ!» ይላት ነበር። ዓለምወርቅ ግን ዊም ዳሌው የተሰበረ ጊዜ ልትረዳው ቤታቸው ገብታ፣ ኮሪደሩ ላይ የሠርጋቸውን ፎቶ አይታለች። ለባሏ አልነገረችውም። አልጠየቃትም፤ ደግሞም ሰላምታውን እንዳይነፍጋቸው ፈራች።

ሰኞ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት አጭሯ ሥነ ሥርዓት ተደረገች። ሮቢ ኮቱ ላይ አበባ ሰክቶ መጣ፣ ዊም ገና ከበሩ ማልቀስ ጀመረ። አሳምነውን ጠየቁት፣ «ያ»፣ አዎ፣ አለ፤ ዓለምወርቅም «ያ» አለች። ፈረሙ። ምስክሮቹም ፈረሙ። ሮቢ እስክሪብቶውን እያስቀመጠ፣ «እኛም በዚህችው ከተማ ነው የተፈራረምነው፤ በመጀመሪያው ዓመት» አለ።

አሳምነው በደች፣ «ምኑን?» አለው።

«ጋብቻችንን ነዋ።»

«ወንድማማቾች አይደላችሁም እንዴ?»

ሮቢ ከት ብሎ ሳቀ። «ወንድሜማ ዩትሬክት ነው ያለው። ከእሱ ጋር አንድ ቀንም አልውልም!»

የአሳምነው ፊት አመድ መሰለ። ፊርማው ግን ደርቋል። ትራም ላይ ከተቀመጡ በኋላ፣ «ይህን ወረቀት ለደብሩ አላቀርብም» አለ ቀስ ብሎ። «የእነሱ ስም ያለበትን!»

«ደብራችንን የማይረግጥ፣ የተከበረ ሰው አላልከኝም? አመጣሁልህ» አለችው። «ልቤ አንተ እስክታፍርና እፍረትህ እስኪለቅህ አይጠብቀኝም፤ ወረቀቱን እኔ እወስደዋለሁ።»

ቅዳሜ ቀሲስ ይሁኔ ፊት ተቀመጡ። ካህኑ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን እስከ ምስክሮቹ ስም አነበቡት።

«አድራሻቸው አንድ ነው። ወንድማማቾች ናቸው?»

አሳምነው መሬት መሬቱን አየ። ሊቆርብ የመጣ ሰው መዋሸት አልቻለም፤ እውነቱን መናገርም አፈረ።

«ባለትዳሮች ናቸው፣ አባ» አለች ዓለምወርቅ። «ከተጋቡ ሃያ አራት ዓመታቸው ነው። እኛ ገና አምስት ቀናችን።»

ቀሲስ ይሁኔ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። መሳቢያቸውን ከፍተው የአሳምነውን ደብዳቤ አወጡና ከጋብቻው ወረቀት ጎን አስቀመጡት። «ስማኝ አሳምነው። ቤተ ክርስቲያን ተክሊል የምትደፋው ለወንድና ለሴት ነው። ይህን እኔ አልለውጠውም፤ ለውጥ ብሎ የመጣብኝም የለም። ይህን ወረቀት ግን ጋብቻ ነው ብዬ ካልተቀበልኩ ሚስትህን ማቁረብ አልችልም። አንተ ደግሞ ጋብቻ አይደለም ብለህ ጽፈህ ፈርሙልኝ ብለኸኛል። የቱን ልፈርም?»

«ቃላቱ ትንሽ ቢስተካከሉ…» አለ አሳምነው።

«አስተካክል» አለች ዓለምወርቅ። «እኔ ግን እሑድ እቆርባለሁ።»

አሳምነው ሁለቱን ወረቀቶች ተራ በተራ አየ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የገዛ ደብዳቤውን አነሣ፣ አራት ቦታ አጠፈውና ኪሱ ከተተው።

እሑድ አብረው ቆረቡ። ዓለምወርቅ እንባዋ ነጠላዋን እስኪያርስ አለቀሰች፤ ማንም አየኝ አላየኝ አላለችም። ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባው ላይ አንዱ ምእመን ተነሥቶ፣ «ያ የፓርላማው ደብዳቤ ከምን ደረሰ?» ሲል ጠየቀ። አሳምነው ማይክራፎኑን ተቀበለ፣ ጥቂት ያዘውና አጠገቡ ላለው ሰው አሳለፈው። ዓለምወርቅ ያን ቀን ጣሪያውን አላየችም። ባሏ ዝም ማለት እንደሚችል ያወቀችው ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ፣ ያኔ ነው።