ቤት ያስለቀቀን የገና ግጥም

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛ የመጣችው ወረቀት አናቱ ላይ በደማቁ «በዓልን ያለ ወጪ ከቤተሰብ ጋር ለማሳለፍ» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ አብሮ መዘመር፣ በእግር እንጦጦ መውጣት፣ የድሮ ፎቶግራፍ እያዩ ማውራት፣ የባህል ጨዋታ መጫወት የሚሉ ምክሮች ተደርድረዋል። ይህን ሁሉ ነፃ ነገር ከዘረዘሩ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ የገና ዱላ ይዞ እንዲመጣ ማዘዛቸው ቢያስቀኝም፣ የአያት ነገር ሆኖብኝ ሽሮ ሜዳ ወርጄ ቫርኒሽ የተቀባ፣ አንገቱ ላይ ሪባን የታሰረበት አንድ ዱላ ገዛሁላት። ለቁመቷ ረዝሞ ስላገኘሁት እጀታውን በመጋዝ ስቆርጠው ከቫርኒሹ ሥር የክትክታ እንጨት ሽታ ወጣ። መጋዙን አስቀምጬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ «እማማ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ፤ ሰጋቱራ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው አልኳት።

ያለ ወጪ በዓል ማክበርን እኛን ማንም ሊያስተምረን አይችልም ነበር። አባቴ ተካ ከእንጦጦ ዳገት ሥር፣ እዚሁ ጉለሌ፣ ሁለት ኤንትሬ የጭነት መኪና የነበራቸው የአቶ ወንድይራድ ግቢ ዘበኛ ነበር፤ እሱ፣ እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ የምንኖረውም ከዋናው በር ጎን ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በዓል ሲመጣ በጉ የሚታረደው ትልቁ ቤት ነው፤ ለእኛ ጭንቅላቱና እግሩ ይደርሰናል፣ እሱም የአቶ ወንድይራድ ባለቤት እትዬ አልማዝ ደስ ካላቸው። ስለዚህ አባቴ የእኛን በዓል ከጫካ ያመጣው ነበር። ታኅሣሥ ገብቶ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ ሲያደርገው፣ እረፍት ባገኘ ቁጥር ዳገቱን ወጥቶ ጫፉ በተፈጥሮው ጎበጥ ያለ ክትክታ ሲፈልግ ይውላል፤ የቆረጠውን ተሸክሞ ሲመለስ እናቴ ልጡን ትልጥና ጫፉን ረመጥ ውስጥ ትቀብራለች፣ ሲግል አባቴ በጉልበቱ ይዞ ያጎብጠዋል፣ እኔ በኑግ ዘይት አሸዋለሁ፣ ወንድሜ ደግሞ ከሁላችን እግር ሥር እየገባ ያደናቅፈናል፤ የእሱ ሥራ እሱ ነበር። ቤታችን ለሦስት ሳምንት ያህል የተጠበሰ ልጥና የዘይት ሽታ ይሸታል፤ እኔ ያ ሽታ ከማንም በግ ጥብስ ይበልጥብኛል ብዬ ለወንድሜ ልምልለት እችል ነበር፣ ምንም እንኳ ከትልቁ ቤት የሚመጣው ሽታ አንዳንዴ ቢያስዋሸኝም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዱላውን የሚወስደው ከአባቴ ነው። የሚከፍለው ምርቃት ብቻ ነበር።

ከዱላው ይልቅ ግን እኛን ቤተሰብ ያደረገን ግጥሙ ነው። ለማያውቀው ልንገረው፤ የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ሜዳው ላይ ወጥተው ከእንጨት ሥር የተጠረበችውን ሩር እየተጋፉ ይለጋሉ፣ ያሸነፈው ወገን ደግሞ የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል። በዚያች ቀን ሎሌ የጌታውን ቅልጥም በዱላ ቢለው፣ ባላገሩ ባለሥልጣኑን ቢሰድበው የሚከፋው የለም፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነው ነገሩ። አባቴ የታች ሰፈር ግጥም አውጪ ስለነበር በጾሙ ሰሞን ምሽት ምሽት ሽሯችን እስኪበስል አራታችንም ጉልቻው ዙሪያ ተቀምጠን ስድብ እናዋጣለን። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቀና ብላ የማታይ እናቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ምላሷ ምላጭ ነው። የሰፈሩን ልብስ ሰፊ፣ አንድም ቀን ስፌቱ ተጣሞ የማያውቀውን ሰው፣

የሰፋልን ሱሪ አንድ እግሩ ረዘመ፣
እግራችን ሲራመድ ሱሪው ግን ቆመ

ብላ የገጠመችበት እሷ ናት፤ ሰውየው ራሱ ሰምቶ መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ። ሕጉም ይኸው ነበር። አባቴ ደጋግሞ ሲያስተምረን «የገና ስድብ ውሸት መሆን አለበት፤ እውነት ከሆነ ስድብ መሆኑ ቀርቶ ክስ ይሆናል» ይል ነበር። ፈሪውን ፈሪ አትለውም፣ ጀግናውን ነው ፈሪ የምትለው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ እኔም ገጣሚ ለመባል ልቤ ቋመጠ። የአቶ ወንድይራድ ልጅ ሰናይት የክፍል ጓደኛዬ ስለነበረች ጠዋት ጠዋት ትልቁ ቤት ገብቼ እጠራታለሁ፤ ሳሎን ሳልፍ ታዲያ ሁልጊዜ ረጅሙ ሶፋ ላይ የተጣጠፈ ብርድ ልብስና ትራስ፣ ወለሉ ላይም የአቶ ወንድይራድን ነጠላ ጫማ አያለሁ። አንድ ቀን ሰናይትን ብጠይቃት ቦርሳዋን እየቆለፈች «አባዬ እዚህ ነው የሚተኛው፤ እማዬ በሩን ትዘጋዋለች» አለችኝ፣ ቁርስ በላሁ እንደማለት ቀለል አድርጋ። እኔም የሀብታም ቤት ልማድ መሰለኝ። በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት አባቴ «በሁለት ኤንትሬ አገር የሚነዳ» የምትል መነሻ ይዞ መድረሻ አጥቶላት ሲቸገር፣ መድረሻዋ ከእኔ አፍ አፈትልካ ወጣች።

በሁለት ኤንትሬ አገር የሚነዳ፣
በገዛ ቤቱ ውስጥ ሶፋ ላይ እንግዳ።

አባቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ጭንቅላቴን ይዞ ግንባሬን ሳመኝና «አንቺ ልጅ፣ ይህቺን ከየት አመጣሻት?» አለኝ። እናቴ ማማሰያዋን ይዛ ታየኛለች፣ ወንድሜ አፉን ከፍቷል፣ እኔን ደግሞ በሕይወቴ ማንም እንደዚያ አድንቆኝ አያውቅም። አየሁት ብል ግጥሙ የሶፋው ይሆን ነበር እንጂ የእኔ አይሆንም። «ከራሴ ነው» አልኩት።

የዚያ ዓመት ጨዋታ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። በአንድ ግቢ ብንኖርም ባለሀብቱና ባለሱቁ ከላይ፣ ሠራተኛው ከታች ሰፈር ይሰለፍ ስለነበር የላይ ሰፈር አለቃ አቶ ወንድይራድ ራሳቸው ነበሩ፤ ኮታቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ ከተው ከአባቴ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲጋፉ ጌታና ዘበኛ መሆናቸው አይለይም። ታች ሰፈር አሸነፈ። አባቴ ዱላውን ወደ ሰማይ አንስቶ ልብስ ሰፊውን ሰደበ፣ ዳቦ ጋጋሪውን ሰደበ፣ ሕዝቡ እየተቀበለ ጨፈረ፤ ከዚያ ወደ አቶ ወንድይራድ ዞሮ፣ እኔን በዓይኑ ፈልጎ ጠቀስ አድርጎኝ፣ የእኔን ግጥም አወጣ። ሳቁ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። መጀመሪያ የትልቁ ቤት ሠራተኞች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፣ ከዚያ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ቀጥሎ ሁሉም ዞሮ እትዬ አልማዝን አየ። እሳቸው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ብቻቸውን ቁልቁለቱን ወረዱ። አቶ ወንድይራድ ከሁሉም በኋላ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብለው ሳቁና «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ብለው አባቴን አቀፉት። አባቴም አመናቸው።

ጥምቀት እስኪያልፍ አንድም ቃል አልተናገሩም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ራሳቸው መጥተው የክፍላችንን በር አንኳኩ፤ እዚያ ግቢ ስንኖር በራችን ላይ ቆመው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ በርጩማውን በቀሚሷ ጠርጋ ብታቀርብም አልተቀመጡም።

«ተካ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አሉ፣ ድምፃቸው እንደ ታመመ ሰው ዝቅ ብሎ። «ግጥሙን ማን ሰጠህ? ልጅቷ ከሆነች ንገረኝ። ልጅ ያየችውን ታወራለች፣ በልጅ አልቀየምም። አንተ ከሆንክ ግን በሬን ጠብቅ ያልኩት ሰው ቤቴን በመስኮት ሲያይ ከርሟል ማለት ነው።»

አባቴ ነገሩ እውነት መሆኑን የሰማው ያን ጊዜ ነው። ዞሮ አየኝ። ከእናቴ ኋላ ቀሚሷን ጨብጬ ቆሜ ነበር፣ ፊቴም ሁሉን የነገረው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ ዓይኑን መለሰ። ዕድሜ ልኬን ስለዚያች ቅጽበት አስቤአለሁ፤ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄዶ «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ፈራሁ። ግርፊያ አልነበረም የፈራሁት፤ ገጣሚ እንዳልሆንኩ አባቴ ፊት መታወቁን ነበር።

«እኔው ነኝ ጋሼ» አለ አባቴ። «ልጄ የምታውቀው ነገር የለም።»

አቶ ወንድይራድ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፍሏን ለመኪና ዕቃ ማስቀመጫ እንደሚፈልጓት፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚታገሱን ተናግረው ሄዱ፤ ስድብ የለ፣ ቁጣ የለ። አባቴ ለምን ዋሸ ብዬ ስጨነቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል። አሁን የሚመስለኝ፣ «አይቆጡም» የተባሉት ጌታ መቆጣታቸውን ገና ያየ ሰው «በልጅ አልቀየምም» የሚለውን ሁለተኛ ቃል ለማመን አቅም አጣ። አንዴ አምኖ ቤቱን አሲዟል፤ ልጁን ማስያዝ አልፈለገም። እናቴ ግን እውነቱን አውቃለች፤ ዕቃ ስንጠቀልል ድንገት እጄን ይዛ «ልጄ፣ ለአባትሽ እንዳትነግሪው፤ አንዴ እኔ ነኝ ብሏል፣ አሁን ከሰማ ያፍራል» አለችኝ።

ወንዝ ዳር፣ ክረምት ሲመጣ ውኃ የሚገባባት ጭቃ ቤት ተከራየን። አባቴ እንጨት ተራ ሸክም ያዘ፣ እናቴ በዚያው ለበዓል ዱላ ይመጣበት በነበረው ዳገት ጭራሮ ተሸክማ እየወረደች መሸጥ ጀመረች፣ እኔ አንድ ዓመት ከትምህርት ቤት ቀረሁ፣ ወንድሜ በሁለተኛው ክረምት ሳል ያዘው፤ ነሐሴን አላለፈም። በዚያች ደረቅ ክፍል ብንሆን ይተርፍ ነበር ብሎ የሚምል የለም፣ እኔ ግን በልቤ እምላለሁ። ለገና ምንም ወጪ የለብንም እያልን እንኮራ ነበር፤ የዚያ ዓመቱ ገና ግን ቤታችንንም ልጃችንንም በላ። አባቴ ከዚያ ወዲያ ዱላ አልጠረበም። የገና ዕለት ማልዶ እንጦጦ ማርያም ወጥቶ ቅዳሴ ያስቀድስና ተመልሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ሽሮው እስኪበስል የሚወራ ነገር ጠፋ፤ ያ ሁሉ ምላስ የነበራት እናቴ አፏን የምትከፍተው «ጨው አቀብሉኝ» ለማለት ብቻ ሆነ። እኔም ከዚያ ወዲህ ሁለት መስመር ገጥሜ አላውቅም።

ዘመን አለፈ፤ እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ እናቴ ሞተች፣ አባቴን እኔ ዘንድ አመጣሁት። ሜዳው ላይ ፎቅ ሠፍሯል፣ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር የሚባል ነገርም የለም፣ በአንድ ደረጃ የሚወጡ ጎረቤታሞች እንኳ ስም ለስም አይተዋወቁም። አባቴ በሕይወት በነበረበት የመጨረሻው ገና፣ ልጆቼ ትንንሽ ሆነው፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር የሚሰዳደቡበት ግጥም እንዲሰጣቸው ጉልበቱ ላይ ወጥተው ወጠሩት። እንደማይመልስላቸው አውቄ ልጠራቸው ስነሳ፣ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ሰምቼው በማላውቀው የሳቅ ድምፅ፣ «እናታችሁን ጠይቋት» አላቸው። «የዚህ ቤት ገጣሚ እሷ ናት። እኔ ድሮም የእሷን ነበር የማወጣው።»

ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ፤ እሱም አየኝ፤ ዓይኑ ውስጥ ቅያሜ ፈልጌ አጣሁ፣ ያለው ያ ምሽት ግንባሬን ሲስመኝ የነበረው ኩራት ነው። ዕድሜ ልኬን የጠበቅኩት ጊዜ ነበር። አባዬ፣ ከራሴ አልነበረም፣ አይቼው ነው፤ ያን ጠዋትም መናገር ስችል ዝም አልኩ ልለው አፌን ከፈትኩ።

«ቀዝቅዟል፣ ጋቢህን ደርብ» አልኩት።

ለፋሲካ አልደረሰም።