የላቀው ተጨማሪ በሽታዎች

በ1972 ዓ.ም. ነፋስ ስልክ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ቁስል የማክም ድሬሰር ነበርኩ። የተመላላሽ በሽተኞችን ካርድና መዝገብ የሚጽፈው ላቀው ነበር። እንደ እሱ ያለ ሐቀኛ አላየሁም፤ እንደ እሱ ያደከመኝም የለም። «ተጨማሪ በሽታ» የሚለው ቦታ ላይ በሽተኛው ከአፉ ያወጣውን ሁሉ ያሰፍራል።

የሰፈራችን ሰው ደግሞ አንድ አመል ነበረው። ወረፋ ስለሚያስመርር ከአንድ ግቢ አንድ ሰው ይላክና የሁሉንም ሕመም ተናግሮ ይመለሳል። እትዬ ተሾመች ለሳል መጥታ የባሏን የቆለጥ እብጠትና የጎረቤቷን የአብዶን ቡግንጅ ዘርዝራ ሄደች። ላቀው ሁሉንም በስሟ ጻፈው።

በወሩ መጨረሻ አራት መቶ በሽተኛ፣ ሁለት ሺህ በሽታ ብለን ሪፖርት ላክን። ወረርሽኝ ገባ ተብሎ ጓድ ኦልጅራ የሚባል ተቆጣጣሪ በላንድሮቨር ከተፍ አለ።

«ጓድ ላቀው፣ ይቺ ሴት ቆለጥ አላት?» አለ የእትዬ ተሾመችን ካርድ አንስቶ።

«ኧረ የላትም ጓድ! የባሏ ነው፤ እሷ ተልካ ነው።»

እኔ ሳቄን ለማፈን ጥጥ የምፈልግ መሰልኩ። ኦልጅራ ግን ጠረጴዛውን ደበደበ።

«ይሄ አሻጥር ነው! ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ሰው አንድ በሽታ! አንድ ብትጨምር ትባረራለህ!»

በዚያ ዘመን መባረር ብቻ ከሆነማ ዕድል ነው። ላቀው አምስት ልጆች ነበሩት። ሦስት ወር ሙሉ ለአንድ ሰው አንድ በሽታ ብቻ እየጻፈ ከሳ።

ከዚያ ኦልጅራ ራሱ እያነከሰ መጣ፤ ሚስማር ወግቶት ኖሯል። ላቀው በልማዱ ሌላ ሕመም እንዳለበት ጠየቀው።

«ስኳር አለብኝ። የመጣሁት ግን ለእግሬ ነው፤ እሱን ብቻ ጻፍ።»

ላቀው እስክሪብቶውን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሳ። «ስኳር» ብሎ ጻፈ።

«የጎረቤትዎን ቢሆን እተወው ነበር ጓድ። ይሄ ግን ለእግርዎ አስፈላጊ ነው።»

«እንተያያለን!» አለው ኦልጅራ።

እኔ ቅባት ቀብቼ ልሸኘው ተዘጋጅቼ ነበር። ካርዱን ሳነብ ደነገጥኩና ያንኑ ቀን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላክሁት። ትንሽ ቢዘገይ እግሩ ይቆረጥ ነበር አሉ።

ከወር በኋላ በሁለት እግሩ ቆሞ መጣ። ላቀው ፊት አንድ ደብዳቤ አስቀምጦ ወጣ። ላቀው እንባው እየወረደ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ተጨማሪ በሽታ ይመዝገብ፤ የበሽተኛው የራሱ እስከሆነ ድረስ።»