መልስ የምትጠብቀው መስኮት

ሞርሸዳ ያቺን የኮምፒውተር መስኮት ስትሠራ፣ ሰው ጥያቄውን ሳይመልስ ብድግ ብሎ ሊሄድ እንደሚችል እንዴት ሳይታያት ቀረ?

ቦጉራ ከተማ ውስጥ ለሱቆችና ለመጋዘኖች የኮምፒውተር ፕሮግራም እየጻፈች የምትኖር የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የድንች ማቀዝቀዣ መጋዘን ባለቤት ከሁለት ዓመት በፊት አስጠርቷት፣ «ጸሐፊዬ የጆንያውን ቁጥር ሳይመዘግብ ያልፋል፤ የአንዱ ገበሬ ድንች ከሌላው ጋር ተደባለቀብኝ። ማምለጫ የሌለው ነገር ሥሪልኝ» አላት።

ሠራችለት። ጆንያ ከቦታው በተነሣ ቁጥር አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ ትልና ቁጥሩን ትጠይቃለች፤ መልስ እስክታገኝ ከኋላዋ ያለውን ሁሉ ትቆልፋለች። የቱንም ቢነኩ ኮምፒውተሩ «ጢጥ» ከማለት በቀር እሺ አይልም። ባለቤቱ ይህን ወደደው። ስለወደደውም ዘንድሮ፣ ድንቹን የሚያቀዘቅዘውን፣ ካፈሰ ግን ሰው የሚገድለውን የሞተር ክፍሉን የአሞንያ ጋዝ የሚለካውን መሣሪያ እዚያው ፕሮግራም ላይ አስጨመራት።

ዓርብ ረፋድ ላይ ጸሐፊው አፋዝ ደወለላት።

«አፓ፣ እህቴ፣ ማሽንሽ ዛሬ ጨዋ ሆኖልሻል! ጋዙ ከጠዋት ጀምሮ አራት ላይ ቁጭ ብሏል። ንቅንቅ የለም!»

ሞርሸዳ የቆረሰችው ቂጣ እጇ ላይ ቀረ። ጋዝ አንድ ቁጥር ላይ ቁጭ አይልም። አራት ይሆናል፣ አምስት ይላል፣ ተመልሶ ሦስት ይገባል።

«አፋዝ ባይ፣ ወንድሜ፣ የጆንያው ጥያቄ ክፍት ነው እንዴ?»

«አዎ፤ ጆንያው ላይ ያለው ጽሑፍ ተፍቆ አልነበብ አለኝ። ሰዎቹ ሲወጡ እጠይቃቸዋለሁ ብዬ እንዳለ ተውኩት። አሁን ሻይ ቤት ነኝ።»

«ውስጥ ማን አለ?»

«ተሸካሚዎቹ፣ የጌዱ ቻቻ ሰዎች ናቸዋ፤ ጆንያ እያገላበጡ ነው። አሥራ ስምንት...»

ስልኩ ተቋረጠ። መልሳ ደወለች፤ ዝግ ነው። የተሸካሚዎቹ ስልክ ደግሞ በዚያ ወፍራም ግድግዳ ውስጥ አይሠራም።

ወደ መጋዘኑ በሚወስዳት ባጃጅ ላይ ተቀምጣ የራሷን ሥራ መስመር በመስመር በሐሳቧ አነበበችው። መስኮቷ መልስ ስትጠብቅ ፕሮግራሙም ቆሞ ይጠብቃል። ጋዙን የሚያነብ የለም። አፋዝ ያየው አራት ጠዋት የተነበበ ቁጥር ነው፤ አሁን ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም። «ወንድሜ፣ እባክህ ፍጠን» አለችው ባለባጃጁን። «ከዚህ በላይ የሚሄደው አውሮፕላን ነው» አላት።

ስትደርስ የመጋዘኑን ከባድ በር በሁለት እጇ ጎትታ ጨለማው ውስጥ ጮኸች።

«ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!»

ሁሉም ቻቻ፣ አጎት፣ የሚሉት የተሸካሚዎቹ አለቃ ጌዱ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ብቅ አለ። «ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ? እባብ አየሽ?»

«ጋዝ ሊኖር ይችላል፣ ቻቻ።»

«ሊኖር ይችላል? እኔ አርባ ዓመት በዚህ አፍንጫ ነው የኖርኩት፤ ያንቺ ማሽን ትናንት ተወለደ!»

«ተዋት፣ ብርዱ ናፍቋት ነው!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቁ። እየሳቁም ቢሆን ወጡ። ሞርሸዳ ቆጠረች፤ አሥራ ሰባት።

«ማን ቀረ?»

«ሎክማን ነው፤ ላይኛው መደርደሪያ ላይ። ለምሳ ካልተጠራ አይሰማም» አለ አንዱ።

«ሎክማን፣ ምሳ!» ብሎ ጌዱ ወደ ውስጥ ተጣራ። ሁሉም ሲስቁ እሷ የበሩን ብረት ጨብጣ መሰላሉን ታያለች። መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎ ጉልበት፣ በመጨረሻ ሎክማን ራሱ ወረደ። ያኔ ወደ ቢሮው ሮጠች። መስኮቷ እንደተከፈተች ናት። ዜሮ ጻፈችላትና ዘጋቻት።

አራት የነበረው ቁጥር ስድሳ ሦስት ሆነ። የማስጠንቀቂያው ጩኸት ግቢውን ሞላው፤ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ለዓርብ ጸሎት ገላውን ሊታጠብ ሄዶ የነበረው መካኒክ ተጠርቶ፣ ጭንብሉን አጥልቆ የሞተር ክፍሉ ውስጥ ገባ። አንድ የቧንቧ መጋጠሚያ ሲያፈስ አገኘና አጠበቀው። ጋዙ ወደ ድንቹ ክፍል ገና አላለፈም ነበር።

«ይሄ ነገር ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው ዝም ያለው?» አለ ጌዱ።

መዝገቡን አየች። «ከሁለት ሰዓት ከአሥር ጀምሮ። አሁን አምስት ሰዓት ነው። የቆለፍኩት እኔ ነኝ፣ ቻቻ።»

ቢሰድባት ይቀላት ነበር። ጌዱ ግን ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «እንግዲያው አንቺ እዚህ ካልተቀመጥሽ ሰዎቼ አይገቡም» አላት።

መስኮቷ ሌላውን ሁሉ እንዳትቆልፍ ላደርግ ነው ስትለው ባለቤቱ በስልክ ጮኸባት። «ካልቆለፈች ሰው ያልፋታል ማለት ነው! ድንቹ ሊደባለቅ ነው!»

«ይደባለቅ» አለች።

የጋዙን ንባብ ማንም መስኮት የማይነካው የራሱ ፕሮግራም አደረገችው። ከዚያ ለመሞከር የመስኮቷን ጥያቄ እየከፈተች ሳትመልስ ትተወው ነበር፤ ከኋላ ቁጥሩ ሦስት፣ አራት፣ ሦስት ሲል እያየች። ሰዎቹ ተመልሰው ገብተው ሥራቸውን ቅዳሜ ማታ እስኪጨርሱ ከወንበሩ አልተነሣችም።

ቤቷ ስትገባ ሌላ ፍርሃት ጠበቃት። እንዲህ ያለ መስኮት ለስንት ሰው ሠርታለች? ለመድኃኒት ቤቱ፣ ለሩዝ ወፍጮው፣ ለሁለት ክሊኒኮች። ጎህ ሲቀድ አንድ በአንድ መደወል ጀመረች። «የእኔ መስኮት ስትጠይቃችሁ ከኋላዋ ምን ይቆማል?» ትላለች። ግማሾቹ ጥያቄው አልገባቸውም፤ ለነዚያ ራሷ ሄዳ አየች። የመጨረሻው የወፍጮው ነበር፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ እዚያም ከመስኮቷ ኋላ የቆመ አስጊ ነገር አልነበረም።

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጫማዋን እንዳደረገች፣ እንቅልፍ ወሰዳት።