ሦስቱ ጀልባዎቼ

ልጄ ጀርመን አገር ይማራል፤ ጎን ለጎንም ይሠራል። «ከአንድ ፕሮፌሰር ጋር ነው የምሠራው» ብሎ ስለደወለልኝ በሰፈራችን በዓባይ ማዶ ያልነገርሁት ጎረቤት የለም። ጎረቤቱም አልሰነፈም፤ በሳምንቱ ልጄን ራሱን ፕሮፌሰር አደረገው። እኔ ጣና ዳር የሐጂን ሦስት የሞተር ጀልባዎች የምጠብቅ ዘበኛ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ወሬ በየቀኑ አይገጥመኝም።

ባለፈው ወር አንድ አስጎብኚ፣ ሽማግሌ ፈረንጅ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ መጣና በስሜ ጠየቀኝ። ለካ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ናቸው! ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። አስጎብኚው እንደተረጎመልኝ፣ ልጄ በየጠዋቱ ገላቸውን ያጥባቸዋል፤ የእግር ጥፍራቸውንም ይቆርጥላቸዋል። የእኔን እግር አንድ ቀን እንኳ አጥቦ አያውቅም።

ይህን ሳልውጥ አስጎብኚው ቀጠለ።

«አባባ፣ ልጅዎ ‹አባቴ ጣና ላይ ሦስት ጀልባ አለው› ብሏቸዋል። በእርስዎ ጀልባ ሊሄዱ ነው የመጡት። የትኞቹ ናቸው?»

የለኝም ብል ልጄ ውሸታም ሊባል ነው፤ ውሸታም ደግሞ ማን ቤቱ ያስገባል? ያለዚያ ሥራ ትምህርቱም የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ተጠንቅቄ የኖርሁት ሰውዬ፣ ጣቴን ቀሰርሁና ሦስቱንም አሳየሁ።

ዞር ስል ሐጂ ከኋላዬ ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። ቀስ ብለው ዱላዬን ከእጄ ወሰዱና ለፕሮፌሰሩ እጅ ነሡ።

«ዘበኛው እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «ጌታዬ፣ የትኛውን ላስነሣልዎ?»