ደብተር ላይ የቀረው ኮድ

ዛሬ በፕሮግራሚንግ ፈተና አስቴር ኪቦርዱ ላይ ቅንፍ ስትፈልግ ሰዓቱ አለቀ።

አስቴር የዶርም ጓደኛዬ ናት፣ ላንቴ የምትባል የገጠር ቀበሌ ልጅ። ላፕቶፕ የላትም። የላብራቶሪው ኮምፒውተሮችም ግማሾቹ አይነሱም፤ ሴሚስተሩን ሙሉ ኮድ የጻፈችው ደብተር ላይ፣ በእስክሪብቶ ነው።

በኮድ ፍቱ የተባልነውን እኩልታ መልስ ግን ቀድማ በካልኩሌተር አግኝታው ነበር። የሠራችበትን ወረቀት ለመምህራችን አሳየችው።

"ልክ ነሽ። ፈተናው ግን በኮምፒውተር ነው" ብሎ ዜሮ ሰጣት።

(መብራት ጠፍቶ ቢሆን መልስ የሚኖራት እሷ ብቻ ነበረች።)

እኔ አለፍኩ። ኮዱን ያስረዳችኝ እሷ ናት፣ ከዚያው ደብተር።

በዚህ ኮርስ ስትወድቅ ሁለተኛዋ ነው። አሁን ጠቅልላ ወደ ላንቴ ልትመለስ ልብሷን እያጣጠፈች ነው፤ ደብተሩን አልጋዬ ላይ ትታልኛለች።

እያወቃችሁ የወደቃችሁ አላችሁ? ጻፉልኝ፣ ሳትሄድ ላንብብላት።